ግፊቱ ከወረደ በኋላ

ጎንደር፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ይድረስ ከወንድም ለማልለየው አብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የጀርመን ብርድ አጥንትህ ገባ ወይስ ገና ከቆዳህ ጋር እየተከራከረ ነው? እኔ ይመስገነው ደኅና ነኝ። አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ የድሮውን የእኛን ሰላምታ ደግሞ በላዩ ጨምርበት።

ወንድሜ፣ ደንግጫለሁ። 

ባለፈው እሑድ እናንተ ቤት በሬ ታርዶ ነበር። መስቀል አልፏል፣ ገናም ሩቅ ነው፤ ለምን ታረደ ብለህ ግን አትጠይቀኝ። ቅርጫ በታረደ ቁጥር እናትህ ዋናውን የደም ሥር ለልጄ ትምህርት ነው እያለች ከውሻ አፍ ታስቀርልን እንደነበር ታውቃለህ። ምነው ልጆቼ፣ ሸጋ ሸጋው ሥጋ እያለ ይችን ጎማ ትመርጣላችሁ እያለችም ትስቅብን ነበር። እኅትህ እታገኘሁ አልረሳችውም፤ ከልብ የሚወጣውን ወፍራሙን በሳህን አድርጋ ሰጠችኝ።

ከምሠራበት የሕክምና ኮሌጅ ወስጄ በጨው ውሃ አጠብኩት፤ ቀለበት ቀለበት አድርጌም ቆራረጥኩት። ደም የለበት፣ የሚገፋው ነገር የለ። አንተ የመመረቂያህን የደም ሥር ስሌት ስትጀምር ግፊት ከሌለ በግድግዳው ውስጥ ውጥረት የለም ብለህ አልነበር? እኔም አምኜህ ነበር። ውፍረቱን ልለካ ብዬ አንዱን ቀለበት በአንድ ጎኑ በመቀስ ብበጥሰው፣ ማንም ሳይነካው ተስፈንጥሮ ተከፈተ! አፉን የከፈተ አምባር ሆነ። ሌላውንም በጠስኩ፤ እሱም ተከፈተ። የቀሩትንም አንድ በአንድ በጠስኳቸው፤ ሁሉም ተከፈቱ።

ለካ የደም ሥር የሚያድገው ተወጥሮ ነው። እየወፈረ ሲሄድ የውስጡ ወገን ተጨምቆ፣ የውጪው ተለጥጦ ይኖራል፤ ደሙ ቢወጣለትም ያንን አይለቅም። ስሌትህ ይህን ስለማያውቅ የውስጡን ግድግዳ ከሚሸከመው በላይ ያሸክመዋል። ይህን ይዘህ ፈታኞችህ ፊት ብትቆም ያፈርሱሃል። የአራት ዓመት ልፋትህ ነውና ዝም ብል ጠላትህ ነኝ። እነሱ ሳይደርሱበት አንተ ቀድመህ ለመምህርህ ንገር፤ የጀርመን በሬ የደም ሥርም ቢሆን ቆርጠህ አሳየው።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ እናትህ የደም ግፊት አጥብቀህ ጠይቀኸኛል። ከእንግዲህ ግፊቱ አያሠቃያትም። መድኃኒት እንዳትልክ። ፈተናህን ሳትጨርስ እንዳትነሣም፤ የእሷም አደራ ይኸው ነበር።

ስትመጣ ከአውሮፕላን ወርደህ በቀጥታ ወደ ፀዳ፣ ወደ ቤታችሁ እንዳትሄድ። እኔ እቀበልሃለሁ፤ ማታውን እኔ ዘንድ ታድራለህ። አጎትህ አያ ታከለና የቤታችሁ የነፍስ አባት ጎሕ ሲቀድ መጥተው እነሱ ይወስዱሃል።

ሥላሴ ያጽኑህ።

አብሮ አደግ ወንድምህ