ድፍኑና ክፍቱ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ዛሬ ሃያ ሦስት አጠብኩ። ጠላቂዎቹ ባሕር ውስጥ አየር የሚስቡበትን መሣሪያ... ሬጉሌተር ይሉታል። ንጹሕ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ቀዳዳዎቹን በቧንቧ ማጠብ፣ ጥላ ውስጥ መስቀል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይኸው ነው። ምራቴ ባሕር ውስጥ የምትመራቸውን ጠላቂዎች አስከትላ ስታልፍ፣ ወገብዎን ያሳርፉት እንጂ እማማ፣ አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ወገቤ ያሳሰባት? ልጄ እሷንም እኔንም ጥሎ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። እሷ ግን ከእኔ ጋር ቀረች። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። አላመሰገንኳትም። ማን ለመናት?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
የምንሠራበት የጠላቂዎች ሱቅ አዲስ ሬጉሌተር ሊገዛ ነው። ባለቤቱና መካኒኩ ሲከራከሩ ዋሉ። ሁለት ዓይነት አለ። ክፍቱ አሁን ያለን ነው፤ ባሕሩ ውስጡ ያለው የሽቦ ሞላ ድረስ ይገባል። ድፍኑ ውኃ አያስገባም፣ ሞላው ደረቅ እንደሆነ ይኖራል። መካኒኩ፣ ድፍኑ በረዶ ለሚሠራ ባሕር ነው፣ የእኛ ውኃ ገላ የሚታጠቡበት ነው፣ ምን በወጣን ይላል። ክፍቱ ለመፍታትም ለመጠገንም ቀላል ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።
«እማማን የመሰለ አጣቢ እያለን ምን ያስደፍነናል?»
ሁሉም ሳቁ። በዚህ ዕድሜ መወደስ ምን ይሠራል? ደስ ግን አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ምራቴ ባሕሩ ታች ሳለች አየሩ ከበዳት። በቀጭን ገለባ እንደ መሳብ ሆነብኝ አለች። እንግዶቿን ሰብስባ ቀስ ብላ ወጣች። ከንፈሯ ነጥቷል። መካኒኩ መሣሪያዋን ፈታው። ሞላው ዙሪያ ጨውና አሸዋ ተጋግሯል፤ በጥፍሩ ፈነቀለው። ይህ የእማማ እጅ አይደለም አለ። ባለቤቱ ሰው ፊት ተቆጣት፣ ሳታሳጥቢ ሰቅለሽው ነው አላት። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም።
እኔም አልተናገርኩም።

እሑድ፣ ግንቦት 10
ያጠብኩት እኔ ነኝ። እጅ በእጅ ሰጥታኛለች።
ድሮ አንዲት ቅንጣት አሸዋ በጣቴ ጫፍ አውቅ ነበር። አሁን መርፌ ቢወጋኝም እንጃ። ቀዳዳዎቹም ለዓይኔ ጠፍተዋል። በልማድ ነው የማጥበው... ውኃው ሲፈስ እሰማለሁ፣ ነጻ ብዬ እሰቅላለሁ። ስንቱን እንዲሁ ሰቅዬ ይሆን?

ሰኞ፣ ግንቦት 11
ምራቴ እንደ ወትሮው አብራኝ በላች። ስለ ቅዳሜው አንድም ቃል የለም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔው ነቅዟል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ባለቤቱ ክፍቱን ሊያዝ ስልክ አነሣ። መካኒኩ ቁጥሩን ይነግረዋል። እጄን ሳላደርቅ ገባሁ።
«የቅዳሜውን ጨው ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እሷ ሰጥታኛለች።»
መካኒኩ ሊያስተባብልልኝ ሞከረ፣ ሰው ናት፣ አንድ ቀን ማንም ይስታል አለ።
«አንድ ቀን አይደለም። ጣቴ ደንዝዟል፣ ዓይኔም ቀዳዳውን አያይም። ክፍቱን የምትገዙት የእኔን እጅ አምናችሁ ከሆነ፣ አትመኑት።»
ባለቤቱ ስልኩን አስቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ዓመት ያልፈዋል አልኩ። መካኒኩ፣ ድፍኑም መታጠቡ አይቀርም፣ ግን የአጣቢ ጥፋት ሞላው ድረስ አይደርስም አለ። ወዲያው ድፍኑ ታዘዘ። ባለቤቱ ከነገ ጀምሮ ይረፉ አለኝ። በትሕትና ነው ያባረረኝ... ትሕትናው ባሰብኝ።
ምራቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ይቅርታ የጠየቃት የለም። ባለቤቱም፣ እኔም።

ዓርብ፣ ግንቦት 15
ጫማዬን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ያለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
ዛሬ በአዲሱ ጠለቀች። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነኝ። ደረጃውን ስትወጣ ሰምቼ በሩን ቀድሜ ከፈትኩ። ፀጉሯ እርጥብ ነው። ፎጣ አቀበልኳት። ደንግጣ ተቀበለችኝ።
«እንዴት ነው ድፍኑ?»
«ምንም ለውጥ የለውም እማማ። በዚህ ሞቃት ውኃ ማን ይለየዋል? ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ።»
ለዚህ ነው እንግዲህ ሥራዬን ያጣሁት... ማንም ለማይለየው ነገር። አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። ያን ቀን ዝም ያልኩት ክፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ። ደግሜ አልኩት። ራሷን ነቀነቀች፣ ፀጉሯን ማድረቅ ቀጠለች።
ቆይቼ ደግሞ ጠየቅኋት።
«ታች ሳለሽ አየሩን አስበሽው ነበር?»
«አየሩን? ኧረ ረስቼዋለሁ። ዓሣ ሳይ ነው የዋልኩት።»
ትይ። ዓሣዋን ትይ።