አድራሻችንን አልቀበልም ያለው ገጽ

ለምወድዎ አባባ፣

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልዎት? የደም ግፊቱን መድኃኒት ራስዎ ነው የሚያስታውሱት ወይስ እማማ እየተጨቃጨቀች ነው የምትሰጥዎት? አገራችን ጠፊላስ ደህና ናት? የወይራው ለቀማ አለቀ? እኔ አንገቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ስልክ ላይ አቀርቅሬ ስለምውል ነው። በስልክ ስናወራ ጆሮዎ እንደሚያስቸግርዎት ስለማውቅ ይኸው በወረቀት መጣሁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ የደም ግፊት መለኪያውን በኢንተርኔት ሊገዙ ሞክረው አድራሻው ላይ እንደቀሩ፣ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው እንደተዉት ጽፈውልኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ተናደድኩም። በእርስዎ ግን አይደለም። ሥራዬን ያውቁታል፤ የመሸጫ ድረ ገጾች ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት ሰው አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ ይግዙ» እላለሁ፣ የት እንደሚሰናከል አይቼ እጽፋለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ የሕክምና ዕቃ ሱቅ አዲሱን ገጹን አመጣልን። እሱም እርስዎ እንደሞከሩት ገጽ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ቁጥር ይጠይቃል። ካልሞሉ አያሳልፍም።

ስምንት ሰው አስቀመጥኩ፤ ስድስቱ እዚያው ቀሩ። አንዱ አቡ ሌይስ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። የአማንን ከተማ ጉራንጉር በቃሉ ያውቀዋል፤ የራሱን ቤት መሙላት ግን አቃተው። «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ብሎ ጻፈ፤ ገጹ በቀይ ጽሑፍ መለሰበት። «ልጄ፣ ዓይኔን በጨርቅ አስረሽ ልቀቂኝ፣ ቤቴ እገባለሁ። ይሄ ግን ቤት የለህም እያለኝ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ኡም ቁተይባ የሚሏት ሴትዮ ደግሞ ለመገላገል ብላ የቤት ቁጥር «አንድ» ብላ ሞላች። አለፈላት። ቤቷ ግን ቁጥር የለውም፤ ዕቃው ማን ደጅ እንደሚሄድ እንጃ። ከዚያ ዞር ብላ «ይቅር በዪኝ፣ አልተማርኩም እኮ» አለችኝ። እሷ እኔን ይቅርታ ስትጠይቀኝ አንጀቴ ተቃጠለ።

ይህን ሁሉ በሪፖርቴ ጻፍኩ። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ነዲም ግን «ገጹ ምንም አልሆነም፤ ሰዉ ነው መማር ያለበት። ሪፖርትሽን እንደዚያ ብለሽ አስተካክይው፤ እሑድ እንከፍታለን» አለኝ። አለቃዬ ሉብናም ደንበኛው እንዳያመልጣት ፈርታ «ሩባ፣ ግግምናሽን ተይና ፈርሚ፤ አለበለዚያ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ። አልፈርምም አልኳት። ፈርቼ ነበር አባባ፣ ግን አልፈርምም አልኳት።

ነዲምን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ገጹ የተከፈተበትን ስልክ ሰጠሁትና «እስቲ ለእናትዎ አንድ መለኪያ ይዘዙ» አልኩት። ስማቸውን ሞላ፣ ስልካቸውን ሞላ፣ የቤት ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግንባሩን ጠረገና ደወለላቸው። ድምፃቸው ጎላ ያለ ነው፤ ሁላችንም ሰማን። «የምን ቁጥር? የተወለድክበት ቤት ጠፋህ እንዴ? ከፋርማሲው ጀርባ፣ የበለስ ዛፉ ያለበት!» አሉት። ሉብና ሳቋ ሲያመልጣት ወደ ውጭ ሮጠች። ነዲም ስልኩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ።

መክፈቻው በሦስት ሳምንት ተላለፈ። ሰው ለሾፌር እንደሚነግረው አድርጎ አድራሻውን የሚጽፍበት ሰፊ ቦታ እየተሠራ ነው። እሱንም ቢሆን ሳልፈትነው አልለቅም። ስለዚህ ሐሙስ ሳምንት እመጣለሁ፤ ዘጠነኛው ሰው እርስዎ ነዎት። መለኪያውን እርስዎ ያዛሉ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ። ከተሰናከሉ ጥፋቱን የምጽፈው በገጹ ላይ ነው፤ እርስዎም እንደ ጥፋተኛ አያቀርቅሩብኝ።

ለእማማ የላከችልኝ የወይራ ዘይት መጋመሱን ይንገሩልኝ። የአክስቴን የፊክሪያን ጉልበት ስሜያለሁ። ወንድሜን ሙሃነድንና ሚስቱን ሐናንን ሰላም ይበሉልኝ፤ መንትዮቹ ልጆቻቸውን ጉንጫቸው እስኪቀላ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሩባ
አማን፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2019