ሻንጣዋን አላዘጋጀሁም

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ምንተስኖት፣ ሚዛን።

እንደምን ሰነበቱልኝ ጋሼ? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የሚዛን ዝናብ ሲጀምር ይብስብዎት ነበርና ከሐሳቤ አይወጣም። እትዬ የሺመቤትስ ደህና ናቸው? ስኳራቸው ተስተካከለ? ማናሴስ ትምህርቱን በርትቶ ይዟል? እኔና ለትምህርት የላኩልኝ ልጅዎ ብሩክታዊት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ሙቀቱ ጠንክሯል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ተሸክሞ ሱቄ ድረስ ይገባል፤ የመኪና ሸራዎቹን ጥቅልል ሳራግፍ እውላለሁ። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ያለው እርስዎ የጻፉት ነው።

ደብዳቤዎ በሹፌሩ በባጫ እጅ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፣ ቀጥሎ ተቀምጬ። ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ግን በስልክ ከጀመርን እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ አምስት ቀን አሳድሬ በጽሑፍ መለስኩ። እንዳላጣመምኩት እንዲያዩ ያሉትን ልድገመው። የሰፈሬ ሰው እትዬ አበበች በወጣት ማዕከሉ መስኮት አይተውን ኖሮ፣ «ሰብለወንጌል ልጅቱን ይዛ ካራቴ ትማራለች፤ ለአንድ ጃፓናዊ ሥዕልም ትሰግዳለች» ብለው ነገሩዎ። እርስዎም «በአርባ ሦስት ዓመትሽ ከሕፃናት ጋር እግር መወርወር ምን ትርፍ አለው? የልጄን ሻንጣ አዘጋጂ፤ ለግንቦት ልደታ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው ጻፉልኝ።

ጋሼ፣ አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን አልረሳም። በአክብሮት፣ ግን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፤ አልተውም። ብሩክታዊትንም ተዪ አልላትም። ሻንጣዋንም አላዘጋጀሁም።

ጥፋቴን ላስቀድም። ሳልነግርዎ ማስመዝገቤ ስህተት ነው። ደግሞ የደበቅሁት ካራቴውን ብቻ አይደለም፤ ከካራቴው በፊት የሆነውንም ነው። ልጅዎ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ደብዳቤዎን ካነበበች በኋላ ግን «እቴቴ፣ ንገሪያቸው» አለችኝ፤ እነሆ እነግርዎታለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤት ተደውሎ «ልጅቱ ታማ ነው ወይ? ዘጠኝ ቀን አልመጣችም» ተባልኩ። እኔ ዘንድ ግን በየማለዳው ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ምሳዋን ይዛ፣ ስማኝ ትወጣ ነበር። ለካ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ የሚቆሙ ሦስት ጎረምሶች መንገድ እየዘጉ፣ ቦርሳዋን እየጎተቱ፣ «የሚዛኗ ልጅ፣ ነይ እንመዝንሽ!» እያሉ አስመርረዋታል። ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትውልና ልጆች ሲለቀቁ ትመለስ ነበር። ለምን አልጮህሽም ብላት «ድምፄ አልወጣ አለኝ» አለች። ይህ ቃል ውስጤ ቀረ። እኛ ቤት ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። አሳዳጊዎቿ ደግሞ እርስዎና እኔ ነን።

ሁለት ሳምንት እጇን ይዤ አደረስኳት። ለጸጥታ ሰዎች አመለከትኩ፤ ጎረምሶቹ ሁለት ቀን ጠፍተው በሦስተኛው ተመለሱ። ይህን ለባጫ ባወራው፣ የእሱ ልጅ ዱሬቲ ካራቴ ትማራለችና «ሰብሌ፣ ከዱሬቲ ጋር ላኪያት፤ የኔዋማ ቤት ውስጥ አባቷንም አሰልፋ ታዝዛለች» አለኝ። ወሰድኳት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን መቃኑን ይዛ «አንቺ ካልገባሽ አልገባም» አለች። ጫማዬን አወለቅሁ። የእኔ ካራቴ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ዕድሜዬን ረስቼ አይደለም።

ስለ ስግደቱ፤ እኔ ሸራ ስገዛ ስፌቱን ገልብጬ ሳላይ አልከፍልም፤ ሃይማኖቴን እንዴት ሳላይ እሰጣለሁ? አስተማሪያችን ማስተር ሱሩር ቀን የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አምስት ወቅት ሰላቱን የማያጓድል ሰው ነው። መጀመሪያውኑ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እኔ ለፎቶ የምሰግድ ይመስልዎታል? ስግደት ለፈጣሪ ነው። ይሄ፣ ሽማግሌ ሲገባ እርስዎ ከመቀመጫዎ ብድግ እንደሚሉት ነው» አለኝ። ሥዕሉም ካራቴውን የመሠረቱት ጃፓናዊ ሽማግሌ ፎቶ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ማስታወቂያው አጠገብ ጎን ላይ ተሰቅሏል፤ እኛ እጅ የምንነሣው እርስ በርሳችን ነው። ነፍስ አባቴንም አማከርኩ፤ ስቀው «ለሰው እጅ መንሣት ከጃፓን ነው እንዴ የመጣው?» አሉኝ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም፣ ሁላችንም ከንፈራችን ደርቆ ተሰልፈን ቆምን፤ ማስተር ሱሩርም ዝላዩን ትቶ አቋቋምና ትንፋሽ ብቻ አሠራን። እትዬ አበበች ይህን በመስኮት አላዩትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ ምን ትርፍ አለው? ሻጭ ዕቃውን ሲያጋንን አልወድም። በስድስት ወር አንድ ሰው አልጣልኩም። ወገቤ ቀለል ብሎኛል፣ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም፤ እሱንም በእግር ጉዞ ማግኘት ይቻል ነበር። የቀረውን ከማስታወሻ ደብተሬ ልገልብጥልዎ።

«ጥቅምት 25። ዛሬም መቆም ብቻ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ መቆም። ለመቆም ነው ሱቄን በጊዜ የምዘጋው?»

«ኅዳር 2። ከዱሬቲ ጋር ተጣመርኩ። ጎንበስ ብላ እጅ ስትነሣኝ ሰላምታ መስሎኝ ጉንጯን ልስማት ገባሁ። ቡጢዋ አፍንጫዬን ሊነካ ፀጉር ሲቀረው ቆመ። ‹እትዬ፣ እባክዎ ይምቱኝ እንጂ አይሳሙኝ!› አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን ከፍቶኝ ነበር።»

የከፋኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። እዚያ ሰልፉ በቀበቶ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሱቅ ሳዝዝ የኖርኩት ነጭ ቀበቶ ታጥቄ ከአሥር ዓመት ልጆች ኋላ እቆማለሁ፤ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ዱሬቲ አረንጓዴ ታጥቃ «ክርንዎን ይሰብስቡ፣ ትከሻዎን ይጣሉ» እያለች በአንቱታ ታርመኛለች። ምክንያት መደርደር የለም፤ «እሺ» ብሎ መድገም ብቻ። ከወር በኋላ ይህ ነገር ሱቄ ድረስ ተከተለኝ። ባጫ የሸራዎቼ የገመድ ማስገቢያ ቀለበቶች ተራርቀው ነው የሚመቱት፣ በመሐላቸው ነፋስ ይገባል እያለ ሦስት ዓመት ሲነዘንዘኝ፣ እኔ ደግሞ «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» እያልኩ ስመልሰው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ዝም ብዬ መኪናው ላይ ወጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው። አሁን ቀለበቱን አቀራርበን እንመታለን። ባጫም «ልጄ ጆሮ ቀጠለችልሽ» እያለ በየፌርማታው ያወራብኛል። ያውራ።

የልጅዎ ትርፍ ግን ሌላ ነው። ሲመቱ መጮህ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ብሩክታዊት ሳምንታት ሙሉ አፏ ይከፈታል እንጂ ድምፅ የለውም። ማስተር ሱሩር አልተቆጣትም፤ «ድምፁን ተይው፣ ትንፋሹን ብቻ አውጪው» ይላታል። ኅዳር 18 ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ «ዛሬ ጮኸች። ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ተነሡ። ራሷም ደንግጣ ዞራ አየችኝ።»

በታኅሣሥ ብቻዋን ልሂድ አለች። እየፈራሁም ቢሆን ለቀቅኋት። ሦስቱ እዚያው ነበሩ፤ አንዱ ቦርሳዋን ያዘ። አልመታችውም ጋሼ፤ ይህን ደጋግመው ያንብቡልኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እንደተማረችው ቆመች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ «ልቀቅ!» ብላ ጮኸች። ከፊት ለፊት ደብተር የሚሸጠው ወዬሳ «ማል ታኤ?» እያለ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ምን ሆነ ማለቱ ነው፤ ሴቶቹም ከየበሩ ተከተሉት። ጎረምሳው ቦርሳውን ለቀቀ። ወዬሳ ራሱ ነው የነገረኝ፤ «መኪና ሰው የገጨ መስሎኝ ነው የወጣሁት፤ ለካ ያቺ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት» ብሎ። ዛሬ ጎረምሶቹ ከሩቅ «ካራቲስቷ መጣች!» ይሏታል፤ መንገዱን ግን ይለቃሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከትምህርት አልቀረችም። የመንፈቀ ዓመት ካርዷን ኮፒ ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ፤ ይመልከቱት።

ጋሼ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሰው ነዎት። አምስት ዓመቴ ሳለ ደጃችን አፈር ላይ በጣቴ «ሀ»ን ብቻ ሳምንት ሙሉ አስጽፈውኝ፣ ሳለቅስ «እጅሽ ይህን ሳይለምድ ቀጣዩን አላሳይሽም» አሉኝ። ያኔ አንድ አላፊ አግዳሚ ጀማሪ ከአፈር ላይ ጭረት ምን ያተርፋል ቢልዎ ኖሮ በአርጩሜ ያባርሩት ነበር። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ እርስዎ ሲጠይቁኝ እንዴት ዝም ልበል?

ለግንቦት ልደታ ቢመጡ ቤቴ ቤትዎ ነው። ልጅቱን ግን በዓመቱ ፈተና ዋዜማ አላስይዝዎትም። ቢቀበሉኝ ቅዳሜ ግንቦት 8 ይግቡ፤ ባጫ ዓርብ ከሚዛን ስለሚመለስ የፊት ወንበሩን ለእርስዎ ይዟል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቢጫ ቀበቶ ፈተና አለብን። ፊት አስቀምጥዎታለሁ፤ እትዬ አበበችንም ጠርቻቸዋለሁ፣ በዚህ ጊዜ በበሩ ይገባሉ። እኔ በአሥር ዓመት ልጆች መሐል ስሳሳት ካዩ ይሳቁብኝ፤ ለምጄዋለሁ። ከዚያ በኋላም እወስዳታለሁ ካሉ እኔን አይጠይቁኝ፤ እሷን ይጠይቋት። የምትለውን እኔም እቀበላለሁ፤ እርስዎም ይቀበሉ። ሻንጣዋን አይፈልጉት፤ ሥራ ላይ ነው፤ የሁለታችንን የካራቴ ልብስ ማክሰኞና ሐሙስ የምንይዘው በእሱ ነው።

ለእትዬ የሺመቤት ጉንጫቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ለማናሴ፣ እህትህ ናፍቃሃለች፤ ስትገናኙ ግን ቦርሳዋን እንዳትጎትት ብላለች ይበሉልኝ። ለጎረቤትዎ ለአቶ ወልደአማኑኤልና ለመላ ቤተሰባቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ብሩክታዊትንም ለአባትሽ ሁለት መስመር ጨምሪ ብዬ ብዕሩን ሰጥቻት ነበር፤ መልሳ ሰጠችኝ። «ሲመጡ በአፌ እነግራቸዋለሁ» አለች።

አክባሪ እህትዎ
ሰብለወንጌል
አዳማ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.