በአጥንት ዱቄት የተጀመረ ትዳር፦ የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከወፍጮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ጠባብ ቤት ተወለዱ። አያታችን ይናገሩ እንደነበረው፣ ገና በልጅነታቸው ወተቱ ውሃ እንዳልተቀላቀለበት ሳያጣሩ አይጠጡም ነበር።

በእንስሳት አመጋገብ ተመርቀው በ1967 ዓ.ም. በአንድ የአሳማ እርባታ የመኖ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። እሳቸው ከፍተው ያላዩት ጆንያ ወደ ማደባለቂያው ስለማይገባ ሠራተኞቹ «እስቲ ልየው» የሚል ቅጽል አወጡላቸው።

ለእርባታው መኖ የሚጨመረውን የአጥንት ዱቄት የሚያቀርቡት አባታችን ነበሩ። ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ በመሆናቸው እናታችን ከጅምሩ አላመኗቸውም። ዱቄቱ አሸዋ ሳይደባለቅበት አይቀርም ብለው፣ የአሳማ ግልገሎቹ አጥንት እንዳይልፈሰፈስ ለማንም ሳይናገሩ መኖው ላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨምሩ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጡት የጣሉት ግልገሎች እድገታቸው ተገታ፤ ቆዳቸውም ቅርፊት ለበሰ። የእርባታው ባለቤት እከክ መስሏቸው በመድኃኒት ቢያሳጥቧቸውም ለውጥ አልመጣም። እናታችን አባታችንን በሠራተኞቹ ፊት ወነጀሉ፤ አባታችንም ከበር ተመለሱ።

ዱቄቱ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ግን እናታችን ጥርጣሬያቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ። የጨመሩት ኖራ ካልሲየሙን ከልክ አሳልፎ፣ ግልገሎቹ ለቆዳቸው የሚያሻቸውን ዚንክ እንዳያገኙ ከልክሏቸው ኖሯል። ኖራውን አስቀርተው ዚንክ ሲያስጨምሩ ቅርፊቱ ተራገፈ፤ ግልገሎቹም ማደግ ጀመሩ። ከዚያም አባታችንን ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት አስጠርተው፣ «ስምህን ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው» አሏቸው።

አባታችን ልባቸው የተነካው ያን ዕለት ነው። እናታችንን እሺ ለማሰኘት ግን ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፤ እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ እንጂ ማመን አልጀመሩም ነበርና። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። እናታችን ጡረታ እስኪወጡም የአባታችንን ጆንያ ከማንም አስቀድመው ይፈትሹ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ሲተኙ፣ እንዳይሰጉ ብለን እኛ ልጆቻቸው የበሽታውን ክፋት ደበቅናቸው። ወዲያው ነቁብን። አባታችንን ወደ አልጋው አስጠግተው፣ «የእነዚህ ልጆች ድምፅ ለስልሷል። እስቲ አንተ ንገረኝ» አሏቸው። አባታችን እውነቱን ነገሯቸው። እናታችንም ሐኪሙን እንኳ ሳይጠይቁ አመኗቸው።

መጋቢት 9 ቀን በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እጃቸው በአባታችን እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አፍርተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ያሳርፍልን። የሚጠረጥራቸው ሰው ያጡትን አባታችንንም ያጽናናልን።