ዘጠኝ ሰከንድ በኪዳነ ምሕረት ኩርባ

ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.
ሞላሌ

ለደጋ መንገድ የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር
ለክቡር ሊቀ መንበሩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አንገትዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ ሁሉም በየቦታው እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ ቤት ይህ እንደ ዋዛ የሚጠየቅ ነገር አይደለምና። እኔ የተወዳዳሪዎ የምንይሉ ሚስት ጥሩሸዋ ነኝ።

ባሌ ባለፈው ዓመት ውድድር ኪዳነ ምሕረት ኩርባ ላይ አቀዝቅዞ ቤተ ክርስቲያኗን በመሳለሙ ዘጠኝ ሰከንድ እንዳባከነና ዘንድሮ ቢደግመው እንደሚታገድ የጻፉለት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ስለ አሳቢነትዎ እያመሰገንሁ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. እኛ መንዞች ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ፣ በበቅሎም ብንሆን፣ ወርደን ነው የምንሳለመው። ባሌ ከነመኪናው ማለፉን እንደ ትልቅ ውለታ ቢቆጥሩለት ምን ነበረበት?

2ኛ. የዚያን ዕለት ከኋላው የመጣው ዳኜ እንደ ደንብዎ ሳያቀዘቅዝ ኩርባውን ገባ፤ አልወጣም እንጂ። ከገደሉ ሥር አውጥተን በቃሬዛ ስንወስደው ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ለእናቱ ለወይዘሮ ጠጄ የላኩላቸው ዋንጫ ደርሷቸዋል፣ እግዜር ይስጥልን፤ መደርደሪያ ስለሌላቸው የልጃቸው አልጋ ላይ አስቀምጠውታል።

3ኛ. ኩርባው ላይ መከለያ ይሠራ ብለን ብንለምን ተመልካቹን ይጋርደዋል ብለውናል። እውነትዎን ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ላየ ሁሉም ነገር እስከ ገደሉ ሥር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል።

አራተኛውን በቁጥር መጻፍ አቃተኝ። ባሌ እሑድ ሊነዳ ነው። እንጀራው ነው፣ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ እንዳይታገድ ሲል ዘንድሮ ላይሳለም ምሎልኛል። የማለውም በራሷ በኪዳነ ምሕረት ነው። ክቡር ሆይ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ! ፍጥነቱን አልከለክልዎትም፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ እዚያ እንዳሻቸው ይብረሩ። ኩርባው ላይ ብቻ ሁሉም እንዲያቀዘቅዝ ይዘዙልኝ፤ ሁሉም እኩል ከዘገየ ማን ይበደላል?

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜና የማይቸኩል ሞት እየተመኘሁ፣ ቢያንስ እስከ እሑድ ድረስ የምንይሉ ሚስት የሆንሁት፣

ጥሩሸዋ አፈወርቅ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጠጄ፣ ከዋንጫው ጋር እንዲያስቀምጡት

ማሳሰቢያ፦ የዳኜን ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ሲደርሱ ቆመው ተሳልመዋል። ሰዓት የያዘባቸው ስላልነበረ ስንት ሰከንድ እንዳባከኑ አላወቅንም። እሑድ የእኔን ባል ስንሸከም እርስዎ ሰዓቱን ቢይዙልን።