ያለ አንቺ የገባሁበት ቢሮ

ውድ ሲስተር፣

ስልኬን ባለማንሳትሽ አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን ማንበብ ጀምረሽ መተው አትወጂም፤ እሱን ተማምኜ ነው የምጽፍልሽ።

ለሕፃናት ጤና ከምንሟገትበት ማኅበራችን የወጣሽ ቀን ያልኩሽን አልረሳሁትም። «እውቀትሽ በር አይከፍትም፤ በር የሚከፍተው ሰው ማወቅ ነው» አልኩሽ። በማዋለጃ ክፍል ስትለፊበት የኖርሽውን የሰባት ዓመት ጥናት ታቅፈሽ ወጣሽ። ደረጃው ላይ ደርሼብሽ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ኩራት ያዘኝ።

ከዚያማ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ብቻዬን የምክር ቤቱ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ሄድኩ። አብሮ አደጌ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጸሐፊዋ ሳታስጠብቀኝ አስገባችኝ። አቅፎ ሳመኝ፤ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን። ከዚያ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ የደም ምርመራ እንዲደረግለት ሕግ ይውጣልን አልኩት። የዕጢው ሕመም ቶሎ ካልታወቀ የልጁን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ ከአንቺ የሰማሁትን አነበነብኩለት።

«ጥሩ ነው። ደሙ መቼ ነው የሚወሰደው?» አለኝ።

አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። «እንደተወለደ፣ እዚያው» አልኩት። ጻፈው። ረቂቁ ውስጥም ገባ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሕፃናት ሐኪም ረቂቁን አንብቦ ጭንቅላቱን ያዘ። በመጀመሪያው ቀን የሚለካው ሆርሞን በጤነኛውም ሕፃን ደም እንደ ታመመው ከፍ ስለሚል ውጤቱ ያሳስታል፣ ሁለት ቀን ያህል መጠበቅ አለበት አለኝ። ለካ የጤነኛ ልጅ እናት በከንቱ ላስለቅስ ነበር! ሰው በምርመራው እምነት ሲያጣ ደግሞ የታመመውም ልጅ ሳይታከም ሊቀር ነበር። አንቺ ይህን ስንቴ ነግረሽኝ ይሆን? እኔ ሁሌ ስልክ ላይ ነበርኩ።

ትናንት ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ «ያን ቀን ደሙ መቼ እንደሚወሰድ የነገርኩህን ከራሴ ነው ያመጣሁት» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንተን አምኜ እኮ ነው የጻፍኩት» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ማክሰኞ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው ላክልኝ። አንተ ግን እንዳትመጣ።»

ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ በአንቺ ስም አስይዣለሁ። ጸሐፊዋ ስትመዘግብ «እሷስ የማን ሰው ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የማንም አይደለችም፤ ሥራዋን የምታውቅ ነርስ ናት» አልኳት። ይህን ለአንቺ ሳልነግርሽ ለሌላ ሰው መናገሬ አሳፈረኝ።

ለእኔ ብለሽ አትሂጂ። እኔን ሳትታረቂኝም መሄድ ትችያለሽ።

በድሎሽ የቀረው ባልደረባሽ