ነጭ ሽንኩርቱና የእትዬ የሺ ደብተር

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ከመሠረተ ትምህርት አሁን ገባሁ። እጄ ገና ጠመኔ በጠመኔ ነው። ዛሬ ሰሌዳው ላይ «ቡዳ የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ ሃያ ጊዜ ገልብጡ አልኳቸው። የቀበሌው ሊ/መንበር በር ላይ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ኮራሁ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ማስታወሻዬ፤ ጭብጨባ እወዳለሁ።

ቀድማ የጨረሰችው እትዬ የሺ ናት፣ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ። ቤተ እስራኤል ናት። ስትጽፍ ቀና አላለችም። ሰፈሩ ሸክላ ሠሪን ሁሉ በዓይኗ ልጅ ትበላለች እንደሚል እያወቅኩ፣ ለምን አንገቷን እንደደፋች ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ረቡዕ 11
እትዬ የሺ ለልጄ ለሕይወት የሸክላ በግ ሠርታ አመጣች። አቀፈቻት። ምነው እንዲህ ሸጋ ሆንሽ፣ አለቻት። እንደ ሰዉ ልማድ እትፍ እትፍ አላለችም። ልብ አልኩት። ልብ በማለቴ አፈርኩ።

ሐሙስ 12፣ ጠዋት
ሕይወት ትኩሳት። ጡት እምቢ አለች። አባቷ ለሥራ ሳንጃ ከተማ ሄዷል፣ ብቻዬን ነኝ። ነጭ ሽንኩርት በክር አድርጌ አንገቷ ላይ አሰርኩ። እኔ! ሃያ ጊዜ ያስገለበጥኩት እኔ!

ከሰዓት
እትዬ የሺ ልትጠይቀን መጣች። ሽንኩርቱን አየችው። እጄ ቀደመኝና ልጅቷን በነጠላዬ ሸፈንኳት። ከደጃፉ ሳታልፍ እግዜር ይማርሽ ብላ ተመለሰች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ዓርብ 13
ጤና ጣቢያ። ጆሮዋ መግሏል፣ ሌላ ምንም የለባትም። ነርሷ ክሩን በመቀስ ቆርጣ ማን ነው ያሰረው አለችኝ። አማቴ ናቸው አልኩ። አማቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ተዝካራቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ 16
ሕይወት ትስቃለች። እትዬ የሺ ትምህርት አልመጣችም። ቦኖው ጋም የለችም፣ ውኃ ከቀሃ ወንዝ ትቀዳለች አሉ። ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ከድጃ ሁሉን ሰምታ ኖሮ በቁጣ መጣችብኝ። አራቱንም ልጆቼን ያዋለደችኝ የሺ ናት፣ አንዱንም አልበላችብኝ፤ አንቺ የተማርሽው ምን ነካሽ? አለችኝ። እሷ ቁርኣኗን ይዛ፣ እኔ ማተቤን አስሬ፣ የሺም በሰንበቷ፣ በአንድ ደጅ ስንኖር ያሳፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ 17
ከድጃ የየሺን ደብተር ይዛ መጣች። ለአስተማሪዋ መልሽልኝ ብላታለች። ገለጥኩት። ሃያ «ቡዳ የለም»፣ አንዱም አልተዛነፈ። ከሥሩ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ያልጻፍኩት፣ ማንም ያላስገለበጣት አንድ መስመር።

«ልጅሽ ዳነች ወይ»

በራሷ የጻፈችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው። ደብተሩ ላይ አለቀስኩ፤ ቀለሙ ፈሰሰ፣ ይኼም ሌላ ዕዳ።

4 ሰዓት ሆኗል። ቦኖው ሰው የሚሞላበት ሰዓት። በጓሮ አልሄድም። የሕይወትን አንገት ባዶ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልፌ የሺ ቤት እገባለሁ፣ እቅፏ ላይ አስቀምጣታለሁ። ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝን ልመልስላት። ዳነች፣ እትዬ የሺ። ዳነች። ከዚያ…